በጨው ውሃ አገር የተመለሰ ጸሎት

የጌታ ስም የተመሰገነ ይሁን። ይህ ምስክርነት ከደሴና ከኮምቦልቻ ተልከው በሰሜን ኬንያ፣ ማርሳቢት ካውንቲ፣ በጨልቢ በረሃ ዳር ስለሚያገለግሉ ወንድሞችና እህቶች ነው። በ1966 እና በ1977 ድርቅ የወሎ ሰው የሌላውን እጅ አይቶ አድሯል። ዛሬ ከዚሁ ከወሎ ተነሥቶ ድርቅ ወዳለበት የሚሄድ መገኘቱ ለኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስንጸልይላቸው የነበረው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ስለ ዝናብና ስለ ገንዘብ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በዚያ አገር አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ነበር። በጨልቢ ዙሪያ የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ጨው ደግሞ በማፍላትም በክሎሪንም አይለቅም። ሳሙና በወጉ አረፋ አይልበትም። በቦቴ የሚመጣ ውሃ አለ፤ ነገር ግን ከውጭ የመጣ ሰው እጥፍ እየከፈለ ሲገዛ ዋጋው በጎረቤቱ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጀሪካን ይዘው ከሰው ጋር መሰለፍን መረጡ። ገንዘብ ጨምርላቸው እያልን ስንለምን፣ የተጨመረላቸው በትንሽ የመኖር ጸጋ ነው።

የውሃው መልስ የመጣው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ጣሪያ 24 ካሬ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 240 ሊትር ይሰጣል። የሚረጨውና የሚተነው ሲቀነስ አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ይሞላል። ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 6 ሊትር ከተያዘ፣ አንድ በርሜል አራት ሰው ስምንት ቀን ያቆያል። ለልብስና ለገላ የጨው ውሃው ይበቃል።

ሰው የሚሳሳተው አሸንዳው ላይ ነው። በሜትር አንድ ሳንቲም ያህል ወደ በርሜሉ ዘንበል ካላለ ውሃ ያቁራል፣ ይዝጋል፣ ትንኝ ይፈለፈልበታል። የቆርቆሮው ጫፍ ወደ አሸንዳው ገባ ካላለ ደግሞ ኃይለኛ ዝናብ ዘሎት ያልፋል። ከረጅም ድርቅ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያው ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባል፤ ለ24 ካሬ ጣሪያ ቢያንስ ከ20 እስከ 25 ሊትሩ ወደ ውጭ ይደፋል። የሚያሳዝን ቢሆንም ይደፋል! የበርሜሉ አፍ በጥቅጥቅ ጨርቅ ይታሰራል። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ምንም ቢታጠብ አይሆንም።

ዝናቡ በመጋቢት 2015 ሲወርድ አሸንዳው ተሰቅሎ፣ በርሜሉ ታጥቦ ይጠብቅ ነበር። ያ ዝናብ ለኛ ሰዎች ብቻ የመጣ አይደለም፤ አካባቢው ሁሉ አገኘ፣ በየቦታውም ጎርፍ አስከትሏል። እኛ የምንመሰክረው ጌታ ዝናቡን እንደ ሰጠ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የሚቀበሉትን እጆች እንዳዘጋጀ ነው።

የጣሪያ ውሃም ቢሆን ለመጠጥ ይፈላል። ደሴ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ጨልቢ ቆላ ነው፤ እዚያ 1 ደቂቃ ይበቃል። ማገዶ በሌለበት አገር ሁለት ደቂቃ ብዙ ነው።

ምግቡን በተመለከተ እንጀራን መተው ግድ ነው። ሊጡ በሙቀቱ ቶሎ ይኮመጥጣል፣ ምጣዱ ማገዶ ይፈጃል፣ ጤፉ ከደሴ ድረስ አይጫንም። የዕለት እንጀራችንን ስጠን ብለው ሲጸልዩ ጌታ ኡጋሊ ሰጣቸው። ሁለት ኩባያ ውሃ ፈልቶ አንድ ኩባያ ያህል የበቆሎ ዱቄት ይገባበታል፤ ገንፎ ያገነፋ ሰው አይቸገርም። ከጎኑ ሱኩማ የሚሉት ጎመን ወይም ባቄላ ካለ እራት ነው። ከአገር ቤት ይዞ መሄድ የሚያዋጣው በሶ፣ ሽሮና ድርቆሽ ነው፤ ድርቆሹ በደንብ ካልደረቀ ግን መንገድ ላይ ይሻግታል።

ከሁሉ የከበደው ወተቱ ነበር። በኛ አገር ክርስቲያን የግመል ወተት አይጠጣም፤ ጋብራ ከሚባለው የዚያ አገር አርብቶ አደር ሕዝብ የሆነች እናት ደግሞ በታጠነ ዕቃ ስታቀርብልህ እምቢ ማለት ቤቷን መናቅ ነው። ጌታ ሰባዎቹን ሲልክ «ያቀረቡላችሁን ብሉ» ብሏል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ያልፈላ ወተት ግን ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል፤ ሄድ መለስ የሚል ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ስላለው ወባ ነው ተብሎ ይታለፋል። መላው የተገኘው እዚያው አገር ነው፦ በወተት የፈላ ሻይ። እሱን መለመን ነውር የለውም፣ እናትየውም ደስ ይላታል።

ጋብራና ቦረና የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። ስለዚህ አሁን የምንጸልየው ከከሚሴና ከባቲ በኩል ቋንቋውን በአፋቸው የፈቱ አገልጋዮች እንዲነሡ ነው። የሚነሣ ካለ ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ከተማ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ማርሳቢት ከተማ ተራራ ላይ ስለሆነች ትበርዳለች፤ በረሃ ነው ብሎ ጋቢውን ደሴ ጥሎ እንዳይሄድ።