ከዙም ስብሰባ ወደ ጂራ

ጎንደር ፒያሳ ካለው ቢሯችን ሆነን ከአዲስ አበባ ባልደረቦቻችን ጋር በየሳምንቱ በዙም የምናደርገው ስብሰባ ውሳኔ አያጣም፤ የሚያጣው ውሳኔውን የቡድን ሥራ መከታተያ ወደሆነው ጂራ የሚያስገባ ሰው ነበር። አሁን ይህን ሥራ ለዌብሁክ፣ ማለትም አንድ ነገር ሲፈጸም ከአንድ አገልግሎት ወደ ሌላው በራሱ ለሚላክ መልእክት፣ ሰጥተነዋል፦ የስብሰባው የደመና ቅጂ (በዙም ሰርቨር ላይ የሚቀመጠው ቀረጻ) ተዘጋጅቶ ሲያልቅ ዙም ራሱ መልእክት ይልካል፤ መተግበሪያዎችን እርስ በርስ የሚያገናኘው ዛፒየር መልእክቱን ተቀብሎ ጂራ ላይ የቅጂውን ሊንክ የያዘ ካርድ ይከፍታል። የደመና ቅጂ የሚፈቀደው ክፍያ ለሚፈጸምባቸው የዙም አካውንቶች ብቻ መሆኑን ግን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ቅብብሉ የሚካሄደው በሰርቨሮች መካከል በመሆኑ ከስብሰባው በኋላ ቢሯችን መብራት ቢጠፋ እንኳ አይቋረጥም፤ ለእኛ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው መደጋገሙ ነው። ዙም መልእክቱ መድረሱ ካልተረጋገጠለት ደግሞ ሊልከው ስለሚችል፣ ካርድ ከመከፈቱ በፊት የስብሰባው መለያ ቀድሞ ተመዝግቦ እንደሆነ መፈተሽ ያስፈልጋል። ለዚህም ተደጋጋሚ ስብሰባ ሁልጊዜ የሚጠቀምበትን የስብሰባ ቁጥር ሳይሆን፣ በተካሄደ ቁጥር አዲስ የሚሰጠውን ዩዩአይዲ (UUID) የተባለ ልዩ መለያ መያዝ ይገባል፤ አለበለዚያ የሁለተኛው ሳምንት ስብሰባ እንደ ድጋሚ ተቆጥሮ ይቀራል።

የተነገረው ሁሉ ወዲያው ሥራ እንዲሆን ግን አልደግፍም። አዲስ ካርድ በቅድሚያ «ለማጣራት» በተባለው ዓምድ ውስጥ ይቆያል፤ ለምሳሌ «የክፍያ ገጹ የስልክ ቁጥር መሙያ ይስተካከል» የሚለውን ውሳኔ የምርቱ ኃላፊ ከቅጂው አጣርታ፣ ባለቤትና ቀን ሰጥታ ነው ወደ ሥራ የምታሳልፈው።