20 ብዬ የጻፍኩት

ትሪያጅ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ነርስ ዋና ሥራው ማን ይቅደም ብሎ መለየት ነው። ወረፋ የለመደ ሰው ይህን አይወድም። «እኔ ቀድሜ መጥቼ!» የሚለውን በቀን ስንቴ እንደምሰማው ቤት ይቁጠረው።

ያን ቀን የማታ ተረኛ ነበርኩ። 3 ሰዓት ገደማ ባጃጅ የተገለበጠበት ወጣት ግንባሩ ተሰንጥቆ መጣ። ከኋላው ሰባት ስምንት ጓደኞቹ። ደም ሲታይ ሁሉም አለቃ ይሆናል። ቁስሉን አስሬለት ደሙ ቆሟል፤ በነጥብ አረንጓዴ ነው፣ መጠበቅ ይችላል። ግን ማን ይስማኝ?

በዚህ መሃል አንዲት እናት የ16 ዓመት ልጃቸውን ደግፈው ገቡ።

«ዶክተርዬ፣ ከትናንት ጀምሮ ታስመልሳለች። ሆዴን ትላለች።»

ወንድ ነርስ ስለሆንኩ ሁሉም ዶክተር ይለኛል። ማረም ካቆምኩ ቆየሁ።

«አተነፋፈሷም አላማረኝም። ሮጣ የመጣች ነው የምትመስለው።»

«ሕመሙ ነው እናቴ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

የምንጠቀምበት የትሪያጅ አሠራር ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው። ለልብ ምት፣ ለትንፋሽ፣ ለግፊት፣ ለሙቀት፣ ለንቃት ነጥብ ይሰጣል። በእግሩ ነው የመጣው ወይስ ተደግፎ፣ አደጋ ደርሶበታል ወይ የሚለውም ይደመራል። 7 እና ከዚያ በላይ ቀይ ነው፣ ወዲያው ይገባል። 5 እና 6 ብርቱካናማ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት። 3 እና 4 ቢጫ፣ እስከ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ከዚያ በታች አረንጓዴ።

ልጅቷ ተደግፋ መጥታለች፣ 1። የልብ ምቷ 116፣ 2 ነጥብ። ግፊቷም ሙቀቷም ደህና ነው። ትንፋሽ የሚለው ሳጥን ውስጥ 20 ብዬ ሞላሁ፣ 1 ነጥብ። ድምር 4። ቢጫ።

20ን ግን አልቆጠርኩትም። የልብ ምቱንም ግፊቱንም ማሽኑ ያወጣልሃል። ትንፋሽ ሰው ይፈልጋል፤ ዝም ብሎ ደረት እያየ አንድ ደቂቃ ሙሉ የሚቆጥር ሰው። ሰላሳ ሰው በተሰለፈበት ማታ አንድ ደቂቃ ብዙ ነው። 20 ደግሞ የማያጣላ ቁጥር ነው።

ከ40 ደቂቃ በኋላ ግሉኮስ ይዛ የምታልፍ አንዲት ነባር ሲስተር አግዳሚው ወንበር ጋ ቆመች። ጎንበስ ብላ ልጅቷን አየቻት።

«ይቺን ማን ነው ያያት?»

«እኔ።»

«አሴቶን አይሸትህም?»

ተጠጋሁ። የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት አሴቶን ራሱ፣ ከአፏ ይወጣል።

«ሰዓትህን ያዝና ቁጠር።»

የሹራቧ ዚፕ ላይ አፍጥጬ ቆጠርኩ። ዚፑ በጥልቁ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ፋታ የለውም። 34። 30 እና ከዚያ በላይ 3 ነጥብ ነው። 4 የነበረው ድምር 6 ሆነ። ብርቱካናማ።

ጣቷን ወግተን ስኳሯን ስንለካ መሣሪያው ቁጥር አልሰጠንም፤ «ሃይ» (ከፍተኛ) ብሎ ብቻ ጻፈ። የእኛው መሣሪያ እንዲህ የሚለው ከ600 ሲያልፍ ነው። ስኳር እንዳለባት ማንም አያውቅም ነበር። ደሟ አሲድ በዝቶበት ሰውነቷ በትንፋሽ ሊያወጣው ሲታገል ነው ያ ሁሉ ሩጫ። እናትየው ሲጠየቁ «ሰሞኑን ውሃ አይጠግባትም፣ ሌሊትም ለሽንት ትነሳለች» አሉ። እኔ አልጠየቅኳቸውም።

ፈሳሽና ኢንሱሊን ተጀመረላት። በሦስተኛው ቀን ዋርድ ሄጄ ሳያት ቁጭ ብላ የሆስፒታሉን ሾርባ ስታማ ደረስኩ።

ሲስተሯ አልተቆጣችኝም። ሊነጋ ሲል መጣችና «የማታውን ካርዶች አምጣቸው እስቲ» አለችኝ። አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። 20። 20። 20። መሃል ላይ አንዱ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«ይሄኛው 18 ነው። ይሄንን ቆጥረኸዋል?»

«አይ» አልኳት። «እንዲለያይ ብዬ ነው።»