ተመትቶ «ሁለት ሁለት ይታየኛል» የሚልን ሰው እንዴት እንደምመረምር

ፒያሳ መሃል ባለ ክሊኒክ ቡጢ፣ ክርን ወይም ኳስ ዓይኑ ላይ ያረፈበት ሰው አይጠፋም። አጥንቱ ይቆየኝ፤ መጀመሪያ ቆቡ አብጦ ሳይዘጋ እያንዳንዱን ዓይን ለየብቻ ሰሌዳ አስነብባለሁ፣ ብሌኖቹንም በባትሪ እያፈራረቅሁ አያለሁ። ብሌኑ ቅርጹ ከተዛባ ዓይኑ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ምንም ሳልጫን በጠንካራ መከለያ ሸፍኜ እልካለሁ።

ቀጥሎ አንድ ዓይኑን አስሸፍናለሁ። ተሸፍኖም ሁለት ከታየው ችግሩ ያልተሸፈነው ዓይን የራሱ ነው። ሲሸፈን ከጠፋ ግን ሁለቱ ዓይኖች አብረው እየዞሩ አይደለም። ራሱን ሳያነቃንቅ እስክሪብቶዬን ይከተላል፤ ወደ ላይ ሲያይ ከባሰበት የዓይን ጉድጓዱን ወለል እጠረጥራለሁ። አጥንቱ በአብዛኛው ከ1 ሚሊሜትር የማይበልጥ ስስ ስለሆነ ሲሰበር ስቡ ወይም የታችኛው ጡንቻ ስንጥቁ ውስጥ ይያዛል። የጉንጭና የላይኛው ከንፈር ነርቭም በዚያው ስለሚያልፍ ቦታውን በጥጥ እነካለሁ፤ ከደነዘዘ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል።

ራጅ «ደህና ነው» ቢል አላምነውም። የራስ ሲቲ ስካንም በወፍራም የምስል ንብርብር ስለሚነሳ ትንሹን ስብራት ያልፈዋል። ስለዚህ የማዘዣው ወረቀት ላይ የዓይን ጉድጓድ ሲቲ ስካን፣ በ1 ሚሊሜትር ንብርብር፣ ከፊትና ከጎን የሚያሳይ ብዬ እጽፋለሁ።

ከሁሉ የሚያታልለው ልጅ ነው። አጥንቱ ለምለም ስለሆነ ተከፍቶ ይመለስና ጡንቻውን ቆንጥጦ ይይዛል። ዓይኑ ነጭ፣ እብጠቱ ትንሽ፤ ልጁ ግን ያስመልሰዋል፣ የልብ ምቱ ይቀንሳል፣ ወደ ላይ ማየት እምቢ ይለዋል። ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱን እንደተመታ ብቻ ተቆጥሮ ይታለፋል። የተያዘው ጡንቻ ደም አጥቶ ስለሚሞት በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ከፒያሳ ቅርብ ነው፤ «ሰኞ አምጡት» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

አዋቂ ላይ ግን እስከ 2 ሳምንት መታገሥ ይቻላል፤ እብጠት ብቻውን ያመጣው ድርብ እይታ በዚያ ጊዜ ይቀንሳል። የዓይኑንም መሰርጎድ የምለካው እብጠቱ ሲወርድ ነው፣ ያለዚያ ይሸፍነዋል። ከ2 ሚሊሜትር በላይ ከሰረጎደ፣ የወለሉ ግማሽ ከተሰበረ ወይም ድርብ እይታው ካልለቀቀ ወደ ቀዶ ሐኪም።

ሲሄድ የማስጠነቅቀው፦ አትናፈጥ፣ ካነጠስክም አፍህን ክፈት፤ አየር በስብራቱ ገብቶ ዓይኑን ይገፋዋልና። ሕመሙ እየጨመረ ዓይኑ ወደ ውጭ ከወጣና ማየት ከቀነሰ ግን ሌሊትም ቢሆን መምጣት አለበት። ከኋላ የተጠራቀመ ደም የእይታ ነርቩን ሲያፍን ጉዳዩ የደቂቃዎች ነው፤ ያኔ ሲቲ ስካን አይጠበቅም።