የፊሊፒንስ የደረቀ ዓሣ፦ እስካሁን የተማርኩት

ሰላም ወዳጆች። እዚህ ዱባይ አብረውኝ ከሚኖሩት ፊሊፒኖዎች የአገራቸውን ምግብ መማሬን ቀጥያለሁ። ይሄ ሰሞን የደረቀ ዓሣ ተራ ነው።

በጣም የሚታወቀው ቱዮ ነው። ትንንሽ የሰርዲን ዘመዶች ሆዳቸው ሳይከፈት፣ እንዳሉ በጨው ውሃ ተነክረው ፀሐይ ላይ ይደርቃሉ። ተሰንጥቆና ተዘርግቶ የሚደርቀው ደግሞ ዳኢንግ ይባላል። ከእሱ ወገን እኔ የወደድኩት ዳንግጊትን ነው፤ በሴቡ ግዛት ያለችው ባንታያን ደሴት የምትታወቅበት። ስስ ስለሆነ ትኩስ ዘይት ሲነካው ወዲያው ይንኮሻኮሻል። ወርቃማ መሆን ሲጀምር ቶሎ አውጡት፤ ትንሽ ከቆየ ይመራል።

ዋናው ነገር ግን አበላሉ ነው። ቁርስ ላይ ያደረ ሩዝ በነጭ ሽንኩርት ይጠበስና ዓሣው አብሮት ይቀርባል። ከጎኑ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ቃሪያ የገባበት አቸቶ አለ። አንዲት ቱዮ ሙሉ ሰሃን ሩዝ ታስበላለች። የድሃ ምግብ የተባለውም ለዚህ ነው። ዛሬ ግን በዘይት ተዘፍዝፎ፣ በጠርሙስ ታሽጎ በውድ ይሸጣል። ደስ ይለኛል፤ ክብር የሚገባው ምግብ ነው።

በጣም የገረመኝ ቻምፖራዶ ነው። ካካዎ የገባበት ጣፋጭ የሩዝ ገንፎ ሲሆን፣ ከቱዮ ጋር ይበላል! ሥሩ የሜክሲኮ መጠጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1565 እስከ 1815 ማኒላንና የሜክሲኮዋን አካፑልኮን ያገናኙት የስፔን መርከቦች አመጡት። ጨውና ጣፋጩ አፍ ውስጥ ሲገናኙ በጣም ይስማማሉ።

ወደ ጤናው ስንመጣ፣ ውሃው ስለወጣ በትንሽ ቁራጭ ብዙ ፕሮቲን ታገኛላችሁ። ዲሊስ የሚባሉት ደቃቅ ዓሣዎች ከነአጥንታቸው ስለሚበሉ ካልሲየምም ይሰጣሉ። ችግሩ ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ደረቅ ዓሣ ደግሞ ይህን ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ቱዮን ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆይቼ፣ አድርቄ ነው የምጠብሰው። ጨዉን በከፊል ይቀንሳል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን በዚህ ብቻ አይተማመን።

ቀጥሎ የማሾ ሾርባቸውን እሞክራለሁ። ብዙ ካቶሊክ ቤተሰቦች ዓርብ ዓርብ፣ በተለይ በዐቢይ ጾም፣ ሥጋ ትተው ይሠሩታል። ደረቅ ዲሊስ ይገባበታል።