ገደሉ ላይ ያለችው ቤት

ዛሬ ኖርዌይ ውስጥ ከሄለሲልት ወደ ጌይራንገር በሚሄደው ጀልባ ላይ እማዬ የጠየቀችኝ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

«ሰባቱ እህትማማቾች» የሚባለው ፏፏቴ ጋ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ወደዚያ ጎረፈ። እማዬ ግን ፊቷን ወደ ማዶው ገደል አዙራ ቆማለች። «እዚያ ላይ ቤት ነው እንዴ የሚታየኝ?»

ቤት ነው። ስካገፍሎ ይባላል። ከውሃው 250 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠ የፍየል አርቢዎች ቤት። የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች ጥለውት የወረዱት እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። ልጆቻቸው ገደል እንዳይገቡ በገመድ ያስሯቸው ነበር ይባላል አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ፣ «እናትየዋን እንዴት እንቅልፍ ወሰዳት?»

ልጄ የጀልባው መደገፊያ ብረት ላይ ተንጠልጥሏል። እማዬ ጃኬቱን ከኋላ ጨምድዳ ያዘችው። ንፋሱ እጇን እያደነዘዘው እንኳ፣ ወደቡ እስክንደርስ አልለቀቀችውም።

ፊዮርዱ፣ ማለትም በገደሎች መካከል የገባው ይህ ጠባብ የባሕር ክንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ይገባዋልም፣ ፏፏቴው አፍ ያስከፍታል። እኔ ግን ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቴም ያየሁት ውሃውን ብቻ ነበር። በጀልባ የመጣውን ዱቄትና ጨው ተሸክሞ ያንን አቀበት ስለሚወጣው ሰው አንዴም አላሰብኩም። እማዬ ውሃ ከወንዝ ቀድታ ያደገች ናት፤ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ሰው ላይ ነው።

ማታ ፎቶ ስናይ ፏፏቴውን ሁሉ አሳለፈችና «ያቺን ቤት አቅርቢልኝ እስቲ» አለችኝ።