ጀርባውን ሳላነብ የገዛሁት አምፕ

ቤዝ ጊታር መጫወት ስጀምር አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ) የምመርጠው ፊቱን አይቼ ነበር። ስንት ማዞሪያ አለው? ስንት ዋት ነው? ጀርባውን ያየሁት የተቃጠለ ነገር ከሸተተኝ በኋላ ነው።

ያገለገለ አምፕ ገዛሁ። ሰካሁት፣ ማብሪያውን ተጫንኩ። ጧ! አለና ጸጥ። ሻጩ አልዋሸኝም፤ ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «120 ቮልት» ይላል። የእኔ ሶኬት 220 ነው።

የወሰድኩለት ባለሙያ ክዳኑን ከፍቶ ሳቀብኝ። «ዕድለኛ ነህ፣ ፊውዙ ቀደመልህ» አለኝ። የተቃጠሉት ፊውዙና አጠገቡ ያለች፣ ቮልቴጅ ሲበዛ ራሷን የምትሠዋ ትንሽ መከላከያ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ቮልቴጅ የሚቀይረውን ትራንስፎርመር አሳየኝ። በመግቢያው በኩል ሁለት ጥቅል ሽቦ አለው። ሁለቱ በፓራለል (ጎን ለጎን) ሲያያዙ ለ120 ቮልት ይሆናሉ፤ በሲሪየስ (አንዱ ከሌላው ቀጥሎ) ሲያያዙ ደግሞ ለ220 እና ለ230። አንዳንድ አምፕ ይህን የሚቀይር ማብሪያ ጀርባው ላይ አለው። የእኔ ስላልነበረው ሽቦውን ከውስጥ ቀየረልኝ። ፊውዙንም በግማሽ አሳነሰው፤ 10 አምፔር የነበረውን 5 አደረገው። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ለዚያው ኃይል የሚበቃው ከረንት ግማሽ ነውና። ትልቁን ፊውዝ እዚያው መተው ተኝቶ የሚያድር ዘበኛ እንደመቅጠር ነው።

(ይህን ራሳችሁ ቤት አትሞክሩት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ።)

ክብደታቸው ቀላል ከሆኑት አዳዲስ አምፖች ብዙዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ራሳቸው ይቀበላሉ። ሁሉም ግን አይደሉም። ጀርባው ላይ ካልተጻፈ አትመኑ።

ቮልቴጁ ገባኝ ብዬ ሳልጨርስ ኦም መጣ፤ ስፒከሩ ከረንቱን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት።

አንድ ባለ 8 ኦም ሳጥን ነበረኝ፣ ውስጡ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ያለው። ድምፅ አነሰኝና ሁለተኛ ሳጥን ጨመርኩ፤ ባለ 4 ኦም፣ ሁለት ባለ 10 ኢንች። ሥራውን ሁለት ሆነው ሲካፈሉት አምፑ ይቀለዋል ብዬ ነበር። ተገላቢጦሽ ነው! ሳጥን መጨመር ለታጨቀ አዳራሽ ሁለተኛ በር እንደመክፈት ነው፤ የሚወጣው ሰው ይበዛል እንጂ አያንስም። የሚበዛው ከረንት ነው፣ እሱን የሚያቀርበው ደግሞ ያው አንዱ አምፕ።

ልምምድ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ሠራና ዝም አለ። ሲቀዘቅዝ ተነሣ፣ ደግሞ ዝም። ጀርባውን አነበብኩ፤ «ቢያንስ 4 ኦም»። ወረቀት አወጣሁ። 8 ሲባዛ በ4፣ 32። 8 ሲደመር በ4፣ 12። 32 ለ12 ሲካፈል 2.67 ኦም! የአምፑ ሁለት መውጫዎች ከውስጥ በፓራለል የተያያዙ ናቸው። ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው በገመድ ማስቀጠልም ለውጥ የለውም፣ እሱም ፓራለል ነው።

እልኸኛ ነኝና ገንዘብ ሳላወጣ ልፍታው አልኩ። አዲሱ ሳጥን ውስጥ ያሉት በፓራለል የተያያዙ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ነበሩ። በሲሪየስ አያያዝኳቸው፤ ሳጥኑ 16 ኦም ሆነ። ከ8 ኦሙ ሳጥን ጋር በፓራለል ሲያያዝ 5.33። አምፑ ሰላም አገኘ፤ እኔ ግን አላገኘሁም። ኃይሉ እኩል አይከፈልም፤ ሁለት ሦስተኛው ወደ 8 ኦሙ፣ አንድ ሦስተኛው ወደ 16ቱ ይሄዳል። ባለ 15 ኢንቹ ሲያገሳ ሁለቱ ትንንሾች ያንሾካሹካሉ። አዲሱን ሳጥን ሸጥኩትና ባለ 8 ኦም ገዛሁ። ሁለት 8 በፓራለል፣ አንድ 4። ይኸው ነው።

አምፑ ለ8 ኦም 300፣ ለ4 ኦም 500 ዋት ይላል። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ብዙ ይመስላል፤ ኃይል እጥፍ እንኳ ቢሆን የሚገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ፣ ለጆሮ ትንሽ ጭማሪ ነው። ድምፁን በደንብ የሰማሁት ከዋቱ ይልቅ አየር የሚገፋ ሁለተኛ ሳጥን ስለተጨመረ ነው።

በቴስተር ስለካው 8 ኦም የተባለው ሳጥን 6 ገደማ አሳየኝ። ተጭበረበርኩ ብዬ ደነገጥኩ። ቴስተር የሚለካው የሽቦውን ሬዚስታንስ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ኦም ግን ኢምፒዳንስ ነው፤ እሱ ከድምፁ ፍሪኩዌንሲ ጋር ይወጣል ይወርዳል። 8 ኦም 6 አካባቢ፣ 4 ኦም 3 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው።

የጊታር ገመድ ለሳጥን አትጠቀሙ፣ ቀጭን ስለሆነ ይሞቃል። የቱቦ አምፕ (በትራንዚስተር ፋንታ በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ) ካላችሁ ደግሞ ሕጉ ሌላ ነው፤ የኦም መምረጫውን ከሳጥኑ ጋር ማመሳሰል፣ ሳጥን ሳይሰካ ደግሞ በፍጹም አለማብራት። የእኔ ዓይነቱ ትራንዚስተር አምፕ ያለ ሳጥን ቢበራ አይጎዳም፤ የቱቦው ግን መውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

አሁን ሁለቱም ሳጥኖቼ ጀርባ ላይ በወፍራም ማርከር «8» ተጽፏል። ባለፈው ጓደኛዬ «ሦስተኛ ልጨምርልህ?» ብሎ የራሱን ሳጥን እየገፋ መጣ። መጀመሪያ ጀርባውን አዙር አልኩት።