የጉዳትና የጥፋት ቃላት፦ የእንግሊዝኛ ጥናቴ የት ደረሰ?

ሰላም ጓዶች። የስሜት መግለጫ ቃላትን ጨርሼ ወደ ጉዳትና ጥፋት እንደምሻገር ነግሬያችሁ ነበር። ርዕሱ ደስ አይልም፤ ጥናቱ ግን እንዴት እንደሚጥም!

የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር መሸምደድ አልፈለግሁም። ዳሜጅ፣ ሃርም፣ ኢንጀር፣ ሩይን፣ ዲስትሮይ እያሉ ደርድሮ መያዝ ፈተና ላይ ይጠቅም ይሆናል፣ አፍ ላይ ግን አይመጣም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ፦ የተጎዳው ማን ነው? ተጠግኖ ይመለሳል ወይ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ነገር ያጠራል። ሬዲዮ የትራፊክ አደጋ ሲዘግብ «በሰውና በንብረት ላይ ጉዳት ደርሷል» ብሎ በአንድ ቃል ይገላገላል። እንግሊዝኛ ግን ይለያል። ሚኒባሱ ዳሜጅድ ነው፣ ተሳፋሪው ኢንጀርድ። በጥይት ወይም በጩቤ ከሆነ ደግሞ ዉንድድ ይባላል። ሃርም ለሁሉም ይሆናል፤ ጤናንም፣ ስምንም፣ አካባቢንም ይነካል። ኸርት ውስጥ ሕመም አለ፣ ስሜት ሲጎዳም እሱው ነው። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ድረስ ታክሲ ውስጥ ስሆን በመስኮት የማየውን በልቤ በእንግሊዝኛ አወራለሁ። ኮፈኑ የተጨረመተ ሲኖትራክ በዚህ መስመር አይጠፋም፣ ልምምዱ በነጻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ዳሜጅ የደረሰበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይጠገናል፤ ዲስትሮይ የተደረገው አበቃለት። መሃል ላይ ያለው ሩይን ነው። ነገሩ ቆሞ እያለ ዋጋው ወይም ደስታው ሲጠፋ ይመጣል። ዝናብ ድንኳኑን አልፎ እንግዳውን ቢያበሰብስ ሠርጉ ሩይንድ ነው፣ ሙሽሮቹ ግን ተጋብተዋል። ብዙ ቁጥር ሲሆን ደግሞ ፍርስራሽ ማለት ነው፤ አክሱም ያለውን ዱንጉርን እንግሊዝኛ ጽሑፎች ሩይንስ ይሉታል።

ከዚያ ሦስተኛ ጥያቄ ጨመርኩ፦ ማን አደረገው? ሕንፃ በራሱ ሲደረመስ ኮላፕስ ነው፣ ሰው ወስኖ ሲያፈርሰው ዲሞሊሽ። ዳር ከተማ ለሚኖር ሰው ይህን ልዩነት ማስረዳት አያስፈልግም፤ ኤክስካቫተር ሲመጣ የትኛው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ረጅም ጊዜ የቆየሁት ስፖይል ላይ ነው። እኛ ዘንድ ወጡም ይበላሻል፣ ፍሪጁም ይበላሻል፣ ልጁም ይበላሻል። በእንግሊዝኛ ወጡ ስፖይል ያደርጋል፤ ፍሪጁ መሥራት ሲያቆም ብሬክ ዳውን ነው። ልጁ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ስፖይልድ ቻይልድ የተሞላቀቀ ልጅ እንጂ እኛ «ተበላሸ» ስንል የምናስበው ከመንገድ የወጣ ልጅ አይደለም። የጎረቤትን ልጅ በእንግሊዝኛ ስታሙ ይህን አስቡበት። መብራት ሄዶ ሲቆይ ሥጋው ስፖይልድ ይሆናል፤ በኃይል ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ፍሪጁ ዳሜጅድ። ሁለቱንም ቃል በአንድ ምሽት መለማመድ ይቻላል።

ሕግ የምታጠኑ ይህን ያዙ፦ ዳሜጅ በእንግሊዝኛ አይቆጠርም፣ «አንድ ዳሜጅ» አይባልም። መጨረሻው ላይ ኤስ ሲገባ ግን ትርጉሙ ተለውጦ ፍርድ ቤት የሚወስነው የገንዘብ ካሣ ይሆናል። ኢንጀሪም ሥሩ እዚያው ሰፈር ነው፤ ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው ከመብት ውጭ የተፈጸመ በደል ነበር። ዲስትሮይም የላቲን ነው፣ የተገነባን መናድ ማለት፤ ከስትራክቸር (መዋቅር) ጋር ዘመድ መሆኑን ካወቅሁ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

አነባበብ ላይ ሬክ የሚጀምረው በማይነበብ ደብልዩ ነው። መርከብ ወይም መኪና ተሰባብሮ ሲቀር እሱን ተጠቀሙ። ሃቮክ (ከባድ ጥፋትና ትርምስ) ደግሞ ብቻውን ብዙም አይሄድም፣ ሪክ (ማድረስ) የሚለውን ግስ ይፈልጋል። ሃቮክ በመካከለኛው ዘመን ለወታደር «ዝረፍ» የሚል የፈቃድ ጩኸት ነበር።

የቀሩኝ ኢምፔርና ዴቫስቴት ናቸው። ኢምፔር ቀላል ይመስላል፤ እንደ ዓይንና ጆሮ ያለ አቅም ሲዳከም ነው። ዴቫስቴት ግን ጎርፍ ለጠረገው መንደርም፣ ልጁን ለቀበረ አባትም ይባላል። ሁለቱን የሚያሳዩ ጥሩ ዓረፍተ ነገሮች ያላችሁ ብትልኩልኝ በሚቀጥለው ማስታወሻ አስገባቸዋለሁ።